ሉዊ ፓስተር፤ የታተመው ሥራና የተዘጋው ደብተር

አንድ ተመራማሪ ከዚህ ዓለም ሲለይ ለተከታዮቹ የሚተወው የጽሑፍ ቅርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አስቦና አርሞ ለሕዝብ ያሳተመው ሲሆን፣ ሁለተኛው በየዕለቱ በቤተ ሙከራው ውስጥ ያደረገውንና ያየውን የመዘገበበት ደብተር ነው። ፈረንሣዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1895 ሲያርፍ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ቅርሱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። ሁለተኛው ግን፣ ማለትም መቶ ያህል የሙከራ ደብተሮቹ፣ ለማንም እንዳይታዩ ለቤተሰቡ አደራ ስለ ተሰጠባቸው ከሰባ ዓመታት በላይ ተዘግተው ኖሩ። ደብተሮቹ በተገለጡ ጊዜ የሰውየው ታላቅነት አልፈረሰም፤ ይሁን እንጂ ስለ ምርምር ሐቀኝነት በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ አብሮ ተገለጠ። የፓስተርን ሕይወት ከእርሾው አንሥቶ እስከ እብድ ውሻ ክትባት የተከተለ አንባቢ የሥነ ሕይወትን መሠረታዊ አሳቦችና የምርምርን ሥነ ምግባር በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ያገኛቸዋል።

ከክሪስታል ወደ እርሾ

ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሣይ ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለና ከዚያም በቆዳ ፋቂነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ከእኩዮቹ ልቆ የታየ አልነበረም፤ ይልቁንም የሚደነቀው የሰዎችን መልክ በመሣል ችሎታው ነበር። በሥዕል የሠለጠነው ዓይን በኋላ ለሳይንስ ዋለ። በፓሪስ ኤኮል ኖርማል በተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ፊዚክስ አጥንቶ በ1847 የዶክተርነት ማዕረጉን አገኘ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የመጀመሪያውን ታላቅ ግኝቱን አደረገ። በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ከሚጋገረው አተላ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ በውሃ ሲሟሟ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብን ብርሃን ወደ ቀኝ እንደሚያዞር ይታወቅ ነበር። በይዘቱ ከእርሱ ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ሌላ አሲድ ግን ብርሃኑን አያዞርም። ፓስተር የዚህን የሁለተኛውን አሲድ ጨው በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ክሪስታሎቹ ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው። የቀኝና የግራ እጅ ጓንት እንደሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ እንደማይገባ፣ እነዚህም እንዲሁ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነበሩ። በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀመ ለያያቸውና ለየብቻ አሟሟቸው። አንደኛው ክምር ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላው በዚያው መጠን ወደ ግራ አዞረው። በቅልቅሉ ውስጥ መዞር ያልታየው አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ቅልቅል ላይ ሻጋታ ሲያበቅል ሻጋታው የቀኙን ዓይነት እየበላ የግራውን ሳይነካ ተወው። ሕያው ነገር በይዘታቸው አንድ የሆኑትን ነገሮች በቅርጻቸው ይለያል ማለት ነው። ፓስተር በወቅቱ ምክንያቱን ሊገልጥ አልቻለም፤ ዛሬ የሚታወቀው መልስ ግን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ሕያዋን ሕዋሳት የሚያዘጋጁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን የሆነ፣ ኬሚካዊ ለውጥን እጅግ የሚያፋጥንና በለውጡ ራሱ የማያልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚሠራው ቅርጹ በሚገጥምለት ነገር ላይ ብቻ ስለሆነ ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 ሁለቱን በቁልፍና በጓጉንቸር መስሏቸዋል። የፓስተር ሻጋታ ቁልፍ ለቀኙ ጓጉንቸር የተሠራ ነበር።

በ1854 ፓስተር በሰሜን ፈረንሣይ በሊል ከተማ አዲስ የተቋቋመው የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ስለ ነበረች ትምህርት ቤቱ ኢንዱስትሪውን እንዲረዳ ይፈለግ ነበር። በ1856 ስኳር ካዘለ የቀይ ሥር ዝርያ አልኮል የሚያወጣ አንድ የፋብሪካ ባለቤት ጥንስሱ እየኮመጠጠ ቢያስቸግረው ወደ እርሱ መጣ። ፓስተር ከደኅናውም ከተበላሸውም ገንዳ እየቀዳ በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። በደኅናው ውስጥ ክብ ክብ የእርሾ ሕዋሳት ሞልተዋል፤ በኮመጠጠው ውስጥ ግን ከእርሾ እጅግ ያነሱ ዘንግ መሳይ ተሐዋስያን ነበሩ። በ1857 ባወጣው ጽሑፍ ወተትን የሚያኮመጥጠው መብላላት የራሱ ልዩ ተሐዋሲ እንዳለው ገለጠ። ከዚያ በኋላ ጥናቱ እየሰፋ ሄዶ እያንዳንዱ ዓይነት መብላላት የአንድ ዓይነት ሕያው ፍጥረት ሥራ መሆኑን አስተማረ። ደግሞም እርሾ አየር በሌለበት ስኳርን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያደረገ እንደሚኖር፣ አየር ሲያገኝ ግን በጥቂት ስኳር ብዙ እንደሚራባ አሳየ። ያለ አየር የሚኖር ሕይወት አለ የሚለው አሳብ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው።

ይህን ትምህርት ሁሉም አልተቀበለውም። ስሙ የገነነው ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ መብላላት ሕይወት የማያስፈልገው ኬሚካዊ መፍረስ ነው ይል ነበር። ለዚህም ማስረጃ አልጠፋም። ፓዬንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሣውያን በ1833 ከብቅል ውስጥ ዲያስቴዝ የተባለ ነገር ለይተው አውጥተው ነበር። ለጠላ ጠማቂ እንግዳ ያልሆነው ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በዚህ ነገር ኃይል ሲሆን፣ ዲያስቴዝ ከብቅሉ ከተለየ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። ክርክሩ የተፈታው ፓስተር ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን ለየ፤ አንድም ሕያው ሕዋስ ያልነበረበት ጭማቂ ስኳርን አልኮል አደረገው። ለዚህም ሥራ በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ከፊል ይዘው ነበር። ለውጡ ኬሚካዊ ነው፤ ለውጡን የሚያካሂደውን ኢንዛይም የሚሠራው ግን ሕያው ሕዋስ ነው።

የማነጻጸሪያ ጥበብ

ሕይወት ከሌለው ነገር ሕይወት በራሱ ይፈልቃል የሚለውን የጥንት እምነት ፓስተር የተከራከረው በቀላል የመስታወት ዕቃ ነው። መረቅ የያዘውን ብልቃጥ አንገት በእሳት አለስልሶ እንደ ዳክዬ አንገት ቀጭንና ጠምዛዛ አደረገው፤ ከዚያም መረቁን አፈላው። አየር በአንገቱ በኩል እንደ ልብ ይገባል፤ አቧራና በአቧራው ላይ ያሉ ተሐዋስያን ግን በጠመዝማዛው ላይ ይቀራሉ። መረቁ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ የተሰበረው ብልቃጥ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደፈረሰ። ልዩነቱ አንገቱ ብቻ ስለ ነበረ ምክንያቱም ሌላ ሊሆን አልቻለም። የሳይንስ አካዳሚ በ1862 በዚህ ሥራ ሸለመው። በማንኛውም ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ በመተው ሁለት ወገን ማነጻጸር እስከ ዛሬ ተማሪዎች የሚማሩት መሠረታዊ ደንብ ነው። ወይን ጠጅን ሳያፈሉ በመጠኑ አሙቆ ከመበላሸት ማዳንም ከዚህ ዘመን ሥራው የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ወተት የሚጠበቅበት ዘዴ ስሙን ይዟል።

እነዚህ የሥራ ዓመታት የኀዘን ዓመታትም ነበሩ። በ1849 ያገባት ማሪ ሎራን በሥራው ሁሉ ረዳቱ ነበረች። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ሦስቱ ሴቶች ልጆች በልጅነታቸው ሞቱ፤ ከነዚህም ሁለቱን የቀጠፈው የአንጀት ተስቦ ነው። በ1865 የጀመረውን የሐር ትል በሽታ ጥናት ሳይጨርስ፣ በ1868፣ በ45 ዓመቱ የደም መፍሰስ በአንጎሉ ላይ ደርሶ የግራ ጎኑን ሽባ አደረገው። ከዚያ በኋላ ረቂቅ የእጅ ሥራ የሚጠይቁ ሙከራዎችን የሚያከናውኑለት ረዳቶቹ ነበሩ። እርሱ ግን ከሥራው አልተለየም።

በ1878 ደግሞ ደብተሮቹን ከዓለም ዓይን እንዲሰውር ያነሣሣው የሚመስል ነገር ደረሰ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሞተው ወዳጁ ክሎድ ቤርናር የተባለው ታላቅ የሥነ ሕይወት ሊቅ አልኮል ያለ ሕያው እርሾ ሊገኝ እንደሚችል የሚጠቁም ያላለቀ ማስታወሻ ትቶ ነበር። ማስታወሻው ታትሞ ሲወጣ ፓስተር ሙከራዎቹን ደግሞ እየሠራ የሟቹን ጽሑፍ በመጽሐፍ ነቀፈ። የሟች የግል ማስታወሻ ሲገለጥ ምን እንደሚሆን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ለቤተሰቡ የነገራቸው በዚሁ ዓመት ነው።

ፑዪ ለ ፎር

በ1881 የፓስተር ስም የበለጠ ገነነ። አባ ሠንጋ የፈረንሣይን በጎችና ከብቶች ይፈጅ ነበር። ፓስተር የበሽታውን ባክቴሪያ በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እንዲያዳክመው በማድረግ ክትባት ማዘጋጀቱን በፌብሩዋሪ ወር አስታወቀ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1880 ቱሴን የተባለ የቱሉዝ ከተማ የእንስሳት ሐኪም የታመመ እንስሳ ደምን በሙቀት ወይም በካርቦሊክ አሲድ በማከም ክትባት መሥራቱን ገልጦ ነበር። ፓስተር የቱሴንን መንገድ አላመነበትም።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በፑዪ ለ ፎር መንደር ክትባቱ በሕዝብ ፊት እንዲፈተን ጋበዘው። ፓስተርም ተቀበለ። ሜይ 5 ከበጎቹ ግማሾቹ ተከተቡ፤ ሜይ 17 ክትባቱ ተደገመ፤ ሜይ 31 ለተከተቡትም ላልተከተቡትም ኃይለኛው ባክቴሪያ ተሰጠ። ጁን 2 ሕዝብና ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት የተከተቡት በጎች በሕይወት ቆመው ሲታዩ፣ ያልተከተቡት አብዛኞቹ ሞተው፣ የቀሩትም በማጣጣር ላይ ሆነው ተገኙ። የማነጻጸሪያው ጥበብ በሜዳ ላይ ድል አደረገ፤ ዜናውም በየአገሩ ተሰማ።

በደብተሮቹ ውስጥ የተገኘው ግን ይህ ነው። ለበጎቹ የተሰጠው ክትባት ፓስተር ያስታወቀው በኦክሲጅን የደከመ ባክቴሪያ አልነበረም። የኦክሲጅኑ ዘዴ በዚያን ጊዜ ገና አስተማማኝ አልሆነም ነበር። የተሠራበት ረዳቱ ሻምበርላን በፖታስየም ዳይክሮሜት ያዳከመው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህም በኬሚካል መሠራቱ ከቱሴን መንገድ ጋር ያቀራርበዋል። ፓስተር ስለ ፈተናው በጻፈው ዘገባ ይህን አልገለጠም፤ አንባቢውም አስቀድሞ የታወቀው ክትባት እንደ ተሠራበት አድርጎ ተረዳው። ክትባቱ ሠርቷል፤ በጎቹም ድነዋል። ነገር ግን ዘገባውን አምኖ ሙከራውን ሊደግም የሚነሣ ሌላ ተመራማሪ ያልተሠራበትን መንገድ ይከተል ነበር። ቱሴንም ሊያገኝ የሚገባውን ምስጋና በጊዜው ሳያገኝ በ1890 ሞተ። የፓስተር ሚስት የእኅት ልጅ የነበረውና በቤተ ሙከራው የሠራው አድሪየን ልዋር ነገሩን በ1938 በመጽሐፍ ቢያወጣውም ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

የእብድ ውሻ በሽታ

የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ይበልጥ የከበደ ነበር፤ ምክንያቱም የሚፈተነው በሰው ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት የሆነው ቫይረስ በዘመኑ አጉሊ መነጽር አይታይም። ፓስተርና ረዳቱ ኤሚል ሩ በሽታውን በጥንቸሎች አንጎል ላይ እያስተላለፉ የሞቱትን ጥንቸሎች ኅብለ ሠረሠር በደረቅ አየር ውስጥ ሰቀሉት። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በሁለት ሳምንት ገደማ የማይጎዳ ሆነ። በሽታው ከንክሻው በኋላ ለመገለጥ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ከደካማው ጀምሮ ወደ ኃይለኛው በመርፌ ቢሰጥ አካል በሽታውን ቀድሞ ሊዘጋጅበት ይችላል የሚል ተስፋ አደረበት።

በሰው ላይ እንዴት ይጀመር የሚለው ጥያቄ ፓስተርን አስጨንቆታል። በሴፕቴምበር 1884 ለብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ፔድሮ በጻፈው ደብዳቤ ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ከመሰቀል ይልቅ ለዚህ ሙከራ እንዲውሉ ምርጫ ቢሰጣቸው ሲል አሳብ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ አልተስማማም። ለሞት የተፈረደበት ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ነፃ ፈቃድ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ በሥነ ምግባር ትምህርት ይጠየቃል። ክሎድ ቤርናር በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ለሳይንስ የቱን ያህል ቢጠቅም ለተደረገበት ሰው ጉዳት የሚሆን ሙከራ በሰው ላይ እንዳይደረግ አስተምሮ ነበር።

ጁላይ 6 ቀን 1885 ከሁለት ቀን በፊት ባበደ ውሻ ብዙ ቦታ የተነከሰ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ከእናቱ ጋር ፓሪስ ደረሰ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ ሁለት ሐኪሞችን አማከረ፤ መርፌውንም የሰጠው ዶክተር ግራንሼ ነው። ልጁ እስከ ጁላይ 16 ድረስ 13 ጊዜ ተወጋ፤ የመጨረሻው መርፌ በሙሉ ኃይሉ ያለ ቫይረስ ነበር። ልጁ ዳነ። ሐኪም የነበረው ሩ ግን በሰው ላይ ለመሥራት ጊዜው ገና ነው ብሎ ስላመነ በሥራው አልተባበረም።

ፓስተር በኦክቶበር 26 ለአካዳሚው ባቀረበው ዘገባ 50 ውሾችን ያለ አንዳች ጉድለት በሽታው እንዳይዛቸው ማድረጉን ገለጠ። ደብተሮቹ እንደሚያሳዩት ግን በልጁ ላይ የተሠራበት ቅደም ተከተል በውሾች ላይ መሞከር የጀመረው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር፤ ውጤቱም ገና አልተጠናቀቀም። በዘገባው ውስጥ የሌለ ሌላም ነገር አለ። ከማይስተር በፊት፣ በሜይና በጁን 1885፣ ሁለት ሕሙማን በመርፌው ተሞክረው ነበር፤ ከነርሱም አንዷ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በሽታው ከተገለጠባት በኋላ ስለ መጣች ሞታለች።

በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። በሽታው ከተገለጠ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ባበደ ውሻ የተነከሰ ሰው ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ መርፌው ያልታመመውን ሊገድል፣ ያለ መርፌው ደግሞ የታመመው ሊሞት ይችላል፤ ሚዛኑ በእርግጠኛ ቁጥር ሊመዘን የሚችል አልነበረም። በመጋቢት 1886 በተኩላ ተነክሰው ከሩሲያ ስሞሌንስክ ከመጡት 19 ሰዎች 16ቱ ድነው ሲመለሱ የክትባቱ ጠቃሚነት ይበልጥ ታመነ። በሕዝብ መዋጮ የተሠራው የፓስተር ኢንስቲቱት ኖቬምበር 14 ቀን 1888 ተከፈተ። ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በኋላ ወደ ኢንስቲቱቱ ተዛውሮ በዚያ ተቀበረ። ማይስተርም ካደገ በኋላ በዚያው ኢንስቲቱት በር ጠባቂነት ሠርቷል።

ደብተሩ ሲከፈት

የፓስተር የልጅ ልጅ ደብተሮቹን በ1964 ለፈረንሣይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ተመራማሪዎች ሊያነቧቸው የቻሉት ግን ከ1970 በኋላ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄራልድ ጊሰን በ1995 በደብተሮቹ ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ ሲያሳትም ክርክር ተነሣ። የኖቤል ተሸላሚው ማክስ ፔሩዝ ስለ ፓስተር ተከራክሮ የተነቀፉት ሥራዎች የብዙ ሰው ሕይወት ማዳናቸውን አስታወሰ። ደብተሮቹ የሐሰት ውጤት አላሳዩም፤ ያሳዩት በተሠራውና በተነገረው መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

በፓስተር ዘመን በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የተጻፈ ዓለም አቀፍ ደንብ አልነበረም። የኑረምበርግ ደንብ የወጣው በ1947፣ የሄልሲንኪ መግለጫ በ1964 ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የእንስሳት ሙከራውን አጠናቆ ማቅረብ፣ የምርምር ዕቅዱን ለገለልተኛ ኮሚቴ ማስመርመር፣ የሚሞከርበትን ሰው በቂ ማስረጃ ሰጥቶ ፈቃዱን መጠየቅ፣ ያልተሳካውንም ከተሳካው ጋር መግለጥ ግዴታው ነው። የፓስተርን ድርጊት በኋላ ዘመን ደንብ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሠሩበትን መንገድ በትክክል መግለጥ በእርሱ ዘመንም የታወቀ ግዴታ ነበር፤ እርሱም ራሱ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር።

የፓስተር ስም በአዲስ አበባም ይጠራል። በስሙ የተቋቋመው የምርምር ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለሆነው ተቋም መነሻ ሲሆን፣ ሰፈሩን የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር ይለዋል። በዚያው ተቋም ለብዙ ዓመታት የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ተዘጋጅቷል። የተነከሰ ልጅ ይዛ ወደዚያ የምትሄድ እናት የምታምነው ክትባቱ በተጻፈው መንገድ መሠራቱን ነው።

ይህ እምነት በሕክምና ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። አንድ መሐንዲስ በሥራ መዝገቡ ላይ አንዱን የኮንክሪት ቅልቅል ጽፎ በሌላ ቅልቅል ቢሞላና ሕንፃው ጸንቶ ቢቆም፣ በዕለቱ የተጎዳ ሰው ላይኖር ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያ ምሰሶ ላይ ፎቅ ሊጨምር የሚነሣው ባልደረባ ግን የሚያሰላው በመዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ነው። የፓስተር በጎች ድነዋል፤ የዳኑበትን መንገድ ሕዝብ በትክክል ለማወቅ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ከዚያም በላይ መጠበቅ ነበረበት።